ፈርዳ ቤት

እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ ፍርድ ቤት የፈረሶች ቤት ይመስለኝ ነበር። አትሳቁብኝ፤ ነቀምቴ ያደገ ሰው ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። አባቴ ፈረስን በኦሮምኛ «ፈርዳ» ይለዋል። እናቴ በአማርኛ «ነገ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለን» ትላለች። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ የሰማሁትን ሁሉ አደባልቄ የምውጥ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ኦሮምኛ ስትናገር ሁልጊዜ ታጣምመዋለች። ስለዚህ «ፍርድ ቤት» ስትል እንደ ልማዷ ቃሉን ያጣመመችው መስሎኝ፣ እንዳታፍር ብዬ በልቤ ብቻ አርሜ «ፈርዳ ቤት» አልኩት።

በዚያ ዓመት እናቴና አባቴ ፍርድ ቤት የሚመላለሱት በእኔ ምክንያት ነበር። እናቴ ሸዋገነት ይዛኝ ወደ ተወለደችበት ወደ ፍቼ ልትሄድ ትፈልጋለች። አባቴ ዋቅወያ፣ ከእሱም ይልቅ እህቱ ድርቤ፣ ልጅቷ ከአባቷ ተለይታ የትም አትሄድም ይላሉ። ዳኛው እንዲቆርጥላቸው የሚለምኑት ይህንን ነው። እኔ ግን ጠባቸው ለእኔ በሚገዛው ፈረስ ላይ ነው ብዬ አምኜ፣ ይህን ያህል ከተከራከሩበትማ ፈረሱ ጥሩ ነው እያልኩ እደሰት ነበር።

ፈረስ እንደሚገዛልኝ ያሳመነኝ አባቴ ነው። ያደገው ጉቴ፣ ፈረስ በማይጠፋበት ግቢ ውስጥ ነው። ነቀምቴ ገብቶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ከከፈተ በኋላ እንኳ፣ የጋሪ ፈረስ በሱቁ በር ባለፈ ቁጥር ካቻቢቴውን አስቀምጦ ይወጣል። ባለጋሪውን «ይኼ እኮ እስትንፋስ ያለው ነው! ልጓሙን አላላለት እንጂ!» ብሎ ይቆጣዋል። ባለጋሪዎቹ ለምደውታል፤ ይስቃሉ። ከዚያ «ኡርጂ ኮ» ብሎ ይጠራኛል፣ ኮከቤ ማለቱ ነው፣ አቅፎ የፈረሱን አፍንጫ ያስነካኛል። የፈረስ ትንፋሽ ሙቅና እርጥብ ነው፤ የታኘከ ገብስ ይሸታል። እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል። «ሰባት ዓመት ሲሞላሽ የራስሽን ትይዣለሽ» ይለኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበረን። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ የሆነ አንድ ፈረንጅ፣ የተበላሸ ዴኩን ከአንድ ካርቶን ካሴት ጋር ለጥገና ትቶ ሄደ፤ ሄደ ስላችሁ በዚያው ቀረ። አባቴ ዴኩን ሠርቶ ሲጠብቀው ሲጠብቀው፣ በመጨረሻ «ቆሞ ከሚበላሽ» ብሎ ይከፍተው ጀመር። ካሴቶቹ በሙሉ የአንድ አክተር ፊልሞች ነበሩ። ረጅም፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ዓይኑ ከሚገባው በላይ የተከፈተ ሰው ነው። መጮህ ባለበት ቦታ ያንሾካሽካል፤ ሻይ ሲያዝ ይጮኻል። ሲስቅና ሲያለቅስ ፊቱ አንድ ነው። እኔ በትከሻው ነበር የምለየው፤ እሱም አንዳንዴ ያሳስተኛል።

ስሙን አናውቅም። አባቴ «መራታ» አለው፣ እኔም መራታ አልኩት። መራታ በኦሮምኛ እብድ ማለት ነው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ለእሱ ሲነገር ስለነበር ግን፣ የሰውየው ስም ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትሄድ እኔ ሱቁ ውስጥ የተገለበጠ ሳጥን ላይ እቀመጣለሁ። ቤቱ የቀለጠ እርሳስና አቧራ ይሸታል። አባቴ እየሠራ ይተረጉምልኛል። በአንዱ ፊልም መራታ «ቤቴን በረደው» ብሎ ጣሪያውን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። በሌላው ደግሞ ሬዲዮ ውስጥ የሚናገረው ሰው የደበቀኝ ነገር አለ ብሎ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ይፈታል። ከሁሉም የሚገርመው የፈረሱ ነበር። መራታ አንድን የእሽቅድምድም ፈረስ የሞተው ወንድሜ ነው ይላል። ጠረጴዛ ላይ ሳህን ያቀርብለታል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ የልጅነታቸውን ነገር እያነሳ ያጫውተዋል። መጨረሻ ላይ ያለ ኮርቻ ይቀመጥበትና ሰፊ የመኪና መንገድ ላይ ሽምጥ ይጋልበዋል። መኪኖቹ ወዲያና ወዲህ ተከፍተው ያሳልፉታል። እዚህ ቦታ ላይ አባቴ ሥራውን ያቆማል። «አሁን ምን አለ?» ስለው «ምሳ ደርሷል ወይ ይላል» ይለኛል፤ እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ያንን ፊልም ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። የሚያስቅ አይደለም። ሰውየው መንገዱ ላይ «አትያዙኝ፣ ቤቴ ልደርስ ነው» እያለ ነው የሚጮኸው። አባቴ የቴክኒክ ትምህርት የተማረ፣ የዕቃውን መመሪያ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ነበር፤ ያቺን ያህል አያጣትም። እኔን ለማሳቅ ብሎ ይሁን፣ ወይስ በዚያን ጊዜም ያልተባለ ነገር ይሰማው እንደነበር፣ አሁንም አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ መተርጎሙን ትቶ መጫወት ጀመረ። እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት። አንድ ቅዳሜ ስገባ የደንበኛ ሬዲዮ ሁሉ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አባቴ ተንበርክኮ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽ» አለኝ። «ስሜን እየጠራ ነው።»

የሬዲዮው ፊልም መሆኑ ወዲያው ገባኝ። እኔም አንድ ድምፅ ማጉያ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። «የእኔንም ጠራ!» አልኩት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «እውነት? አንቺም ሰማሽ?» ጎትቶ አቀፈኝ። አጥብቆ ነው ያቀፈኝ፣ ፊቱም እርጥብ ነበር። ላብ መስሎኝ በቀሚሴ ጠረግኩለት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ተወ። ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ እኔ እንድቀምስለት ይጠይቃል፤ እኔም የተከበርኩ መስሎኝ ወጡን አጣጥሜ «ጥሩ ነው» እላለሁ። አንድ ማለዳ ስንነሳ የቤታችንን ቴሌቪዥን በጋቢ ሸፍኖታል። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ እጇን አፏ ላይ ጭና አየችው። ምንም ፊልም ስላላየች ምንም አይገባትም ብዬ አዘንኩላትና «እማዬ፣ እየተጫወተ እኮ ነው» አልኳት። እናቴ በዚያን ቀን ትምህርት ቤት ሄዳ አላስተማረችም።

ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው «ዋቅወያን መራቴ» ሲባባሉ ሰማሁ። ዋቅወያ አበደ ማለታቸው ነው። እኔ የሰማሁት አባቴ መራታን መሰለ፣ እንዲያውም መራታን ሆነ ነው፤ ኩራቴ ሌላ ነበር። ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን የአባቶቻችንን ሥራ ስትጠይቀን ብድግ ብዬ «የእኔ አባት መራታ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አስተማሪዋ ወደ ደጅ ይዛኝ ወጣች፣ ፀጉሬን ዳበሰችኝ፣ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። ሽልማት ነው ብዬ ለልጆቹ አሳየኋቸው።

የአባቴ እህት ድርቤ ከጉቴ መጣች። እኔ «አዳዳ» ነው የምላት፤ የአባት እህት እንደዚያ ነው የምትባለው። አዳዳ ድርቤ ቤት ስትገባ ዕቃ ሁሉ ቦታውን የሚይዝላት ዓይነት ሴት ናት። የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር የምትመራ ድምፅ አላት፤ በዚያው ድምፅ ነው የምትከራከረው።

«ሸዋገነት፣ ወንድሜ በሽተኛ አይደለም» አለቻት እናቴን። «ያ የፈረንጅ ቴፕ ነው ልቡን የወሰደው። ጉቴ እንውሰደው። እንጸልይለታለን፣ ነፋስ ያገኛል። ዋቀዮ አለ።»

«እግዚአብሔርማ አለ፣ እትዬ ድርቤ። ሐኪምም አለ።»

«ሐኪም ቤት ወስደሽ እብድ ነው አስብለሽ ልታጽፊ? ከዚያ ማን ሬዲዮውን አምኖ ይሰጠዋል? ለልጅቷስ ማን ሽማግሌ ይልክላታል?»

አባቴ በመካከላቸው ተቀምጦ ጫማውን ያያል። «እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላል። በዚያ ዓመት ይህችን ነገር ሺህ ጊዜ ሳይላት አልቀረም። እናቴ ለምናዋለች፣ ወዳጆቹ ለምነውታል፣ አንድ ጊዜማ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ሌላ ነገር ሁሉ እሺ ይላል፤ ታምሜአለሁ ማለት ግን ከአፉ አይወጣም።

ጥቅምት ላይ ሁላችንም ጉቴ ሄድን። የኑግ አበባ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሜዳውን ቢጫ አድርጎት ነበር። የጸሎት ሰዎች መጡ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ፤ አባቴ ራሱን አቀርቅሮ እንደ ጥሩ ተማሪ ተቀመጠ። ሲጨርሱ አዳዳ ድርቤ የካሴቱን ካርቶን ከሱቅ ድረስ አስመጥታ ኖሮ ጓሮ ወስዳ እሳት ለቀቀችበት። ጭሱ ጥቁርና የሚከረፋ ነበር። እኔ «መራታ ተቃጠለ!» ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ሰዎቹ በእኔም ላይ የሆነ ነገር አለ ብለው ተያዩ። አባቴ አንስቶ አቀፈኝና እሳቱን እያየ «አሁን ዝም ይላል ብለዋል» አለኝ። ማን ዝም እንደሚል አልነገረኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጓዳ ነበሩ። አባቴ የአያቴን ዳማ ፈረስ ያለ ኮርቻ እየሳበ ወደ ግቢው በር መጣ። «ኡርጂ ኮ፣ ኮቱ» አለኝ። ነይ ማለቱ ነው። እኔ ነይ ሳልባል ሩጫ ጀምሬ ነበር። ከፊቱ አስቀመጠኝ። የፈረሱ ፀጉር ባቴን ይወጋኛል፣ ሙቀቱ ከታች ይመጣል። በር ላይ ቀስ አለ፣ ሜዳው ላይ ሶምሶማ ሄደ፣ ከዚያ ለቀቀው። ኑጉ በጎንና በጎናችን ቢጫ መስመር ሆነ። ንፋሱ ዓይኔን አስለቀሰው፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። አባቴ ጆሮዬ ሥር በመራታ ድምፅ ይጮኻል። ቃል አይደለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። እኔም እንደሱ ጮኽኩ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ የኮቴው ድምፅ ተለወጠ። ከኩርባው ላይ ጆንያ የጫነ ትልቅ መኪና ብቅ አለ፣ መብራቱን አብለጨለጨ፣ ጡሩንባውን ነፋ። አልፈራሁም። የፊልሙን መጨረሻ አውቀዋለሁ፤ መኪኖቹ ይከፈታሉ። ጋማውን ለቅቄ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። መኪናው እንዳሰብኩት ከመንገዱ ወጥቶ ኑጉ ውስጥ ገባልን። ፈረሱ ተጠማዘዘ፣ ቆመ፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። የአባቴን ትከሻ ዞሬ አየሁ። ሲሄድ ሲመጣ አየሁት፤ ሳቅ ነው አልኩ።

ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ መቆም አቅቶት ኑጉ ላይ መቀመጡን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሷ ከኋላችን ግቢው በር ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ብዙ ዓመት ቆይቼ ነግሬያት ከአጠገቤ ተነስታ ሄደች። ስለዚያ ቀን እኔና እናቴ እስከ ዛሬ ማውራት አንችልም። ሁለታችንም የየራሳችንን ነው ያየነው፤ የማን ልክ እንደሆነ ባውቅም የእኔን መጣል አልቻልኩም።

እናቴ በዚያው ሳምንት ይዛኝ ነቀምቴ አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። የፍርድ ቤቱ ነገር ያኔ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የምሰማው ሁሉ ወደ ፈረስ ይሄድብኛል። እናቴ ለጎረቤቷ «ጠበቃ ይዣለሁ» ስትል፣ ፈረሱን የሚጠብቅ ሰው ቀጥራለች። «ዳኛው ግራ ቀኙን ሰምቶ ይወስናል» ስትል ደግሞ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ የታሰሩ ሁለት ፈረሶች ታዩኝ። በኋላ ጉድ ያፈላው ይኼኛው ግምቴ ነው። ሁለት ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ የእናቴ። እና ማታ ማታ «ልጅቷን ይጠይቋታል፣ እሷ ያለችው ይሆናል» ሲባል፣ እኔ ከሁለቱ አንዱን እንደምመርጥ ተረዳሁ።

በመካከሉ አባቴን የማየው ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ነው፤ እናቴ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥታ እየጠበቀችኝ። ዴኩ የለም። መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው የለም። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ደህና ለመሆን በሙሉ ጉልበቱ ይሠራ ነበር፤ አሁን ሳስበው ላቡ ትዝ ይለኛል። ያኔ ግን አኮረፈኝ ብዬ አኮረፍኩት። «ፈረሱ መቼ ነው?» ስለው «የቱ ፈረስ?» አለኝ። ምሥጢር ሊያደርገው ፈልጎ ነው ብዬ ጠቀስኩት።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እናቴ ነጭ ካልሲ አደረገችልኝ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ስንደርስ ጮኽኩ፤ እውነትም ፈረሶች አሉ! ከየገጠሩ በመሬት ክርክር የመጡ ባለጉዳዮች እንስሶቻቸውን ባሕር ዛፎቹ ሥር አስረዋቸዋል። በቅሎም፣ አህያም ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ሁለቱን ብቻ ነው። አንደኛው ጥቁር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጭራው መሬት ሊነካ የደረሰ። ሁለተኛዋ ነጭ ባዝራ፣ የጎን አጥንቷ የሚቆጠር። ጥቁሩ የማን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግኩም።

በረንዳው ላይ አዳዳ ድርቤ አባቴን በክንዱ ይዛ ቆማለች። አባቴ ጢሙን ተላጭቷል፣ የሠርጉን ኮት ለብሷል። እናቴ ዞር ስትል አዳዳ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ «ዳኛው የአባት ወይስ የእናት? ይልሻል» አለችኝ። «የአባት በይ፣ እሺ የእኔ ወለላ? አባትሽ ያለ አንቺ አይድንም።»

ያለዚያም የአባት ልል ነበር። ጭራውን አይቻለሁ።

ምን ያህል በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ሐኪም አላየውም፤ ስለዚህ መታመሙን የሚናገር አንድም ማስረጃ የለም። መኪናው ላይ የሆነውን አዳዳ ድርቤ «ፈረሱ ደንግጦ ነው» ብላ ለዳኛው ነግራዋለች። አባቴም ምንም አልሆንኩም እንዳለ ነው። የእናቴ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፤ እሷ ደግሞ የሩቅ አገር ሰው ናት፣ ልጅቷን ይዛ ልትጠፋ ነው ተብላለች። ዳኛው ባለፈው ቀጠሮ ልጅቷ ካለችው አልወጣም ብሎ ነበር።

ዳኛው ወደ ቢሮው አስገባን። ወፍራም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ በመሐረብ አፍንጫውን እየጠረገ ፈገግ አለልኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሁለቱም ፈረሶች ይታያሉ። እንዲህ አመቻችተው ማሰራቸው ደስ አለኝ። ዳኛው እናቴን ጤንነቷን ጠየቃት፣ ለአባቴ ወንበር ሰጠው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ፣ ልጅን እንደሚያጫውት ሰው፣

«እሺ ኡርጂ፣ የአባት ወይስ የእናት?» አለኝ።

«የአባቴን!» አልኩ።

አዳዳ ድርቤ ከኋላ «ገለቶሚ ያ ዋቀዮ!» ብላ አመሰገነች። ነጠላዋን ይዞ የነበረው የእናቴ እጅ ወረደ።

ዳኛው ብዕሩን አነሳ። «ለምን?»

«የእናቴማ ከሲታ ናት! አጥንቷ ይቆጠራል። መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች።»

እናቴ በዚያ ዓመት እጅግ ከስታ ነበር። የገዛ ክንዷን አየች። እንባዋ ሲወርድ ገረመኝ፤ ፈረሷን ስለነቀፍኩባት ነው ብዬ ቶሎ ላስተካክል ሞከርኩ። «መጥፎ ናት አላልኩም። ግን የአባቴ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው። ደግሞ ጭራው ያምራል።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «ምኑ?»

«ጭራው።»

አባቴ ሳቀ። የመራታ ሳቅ አይደለም፣ የድሮው የራሱ ነው፤ ከባለጋሪዎቹ ጋር ይስቀው የነበረው። ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ኡርጂ ኮ፣ ይሄ ያለንበት ቤት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፈርዳ ቤት ነዋ!»

እዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ነበር። እናቴ እያለቀሰች ነው፣ አዳዳ እያመሰገነች ነው፣ ዳኛው ግራ ገብቶታል፤ ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ዝም ቢል ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር። አዳዳ ድርቤም ምን እንደሆነ ባይገባትም ከፊቱ አንድ ነገር አንብባ የኮቱን ጫፍ ጎተተችው።

አባቴ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፣ «ልጄ የመለሰችው ስለ እኔ አይደለም። ስለ ፈረስ ነው። እንዳይጻፍ።» ከዚያ አፍ አፌን እያየ ፈርዳና ፍርድን ለዳኛው አስረዳው። ዳኛው ሊስቅ ብሎ የእናቴን ፊት ሲያይ ተወው። «እንግዲያው አንተው አስረዳትና እንደገና እጠይቃታለሁ» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያደግኩት ፍቼ ነው። አባቴን በየክረምቱ እየመጣሁ አየው ነበር፤ መድኃኒት ጀምሮ ደህና የሆነባቸው ዓመታት ነበሩ፣ መድኃኒቱን ጥሎ ያላወቀኝም ዓመት ነበር። አዳዳ ድርቤ እስክታረጅ ተሸክማዋለች፤ ይህን ልነሳት አልችልም። ባለፈው ዓመት ጉቴ ቀበርነው። አሁን እኔ ተመልሼ እዚሁ ነቀምቴ ነው የምሠራው። በባጃጅ በዚያ ግቢ በኩል ሳልፍ ባሕር ዛፎቹ ሥር የሚቆመው ሞተር ብስክሌት ነው። ያኔ የተባለውን እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ፤ ትርጉሙ ግን ገና እየመጣ ነው።

አባቴ ወደ እኔ መጥቶ ተንበረከከ። ሳሙና ይሸት ነበር።

«ነጯ ናት የአንቺ» አለኝ።

«ከሲታ ናት!»

«ከሲታ ናት። ግን መንገዱን ታውቃለች፤ አትጥልሽም።»

«ጥቁሩስ?»

አዳዳ ድርቤ «ዋቅወያ!» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ የሌላ ሰው ሆነ። እሱ ዞር አላለም። እያየ ያለው እኔን ነው፤ ድምፁን ግን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አደረገው።

«ጥቁሩ ታሟል» አለ። «ታሟል፣ ኡርጂ ኮ። በታመመ ፈረስ ላይ ልጅ አይቀመጥም።»

አንገቴን አስግጌ በመስኮቱ አየሁ። ጥቁሩ ፈረስ ጭራውን እየወዘወዘ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሣሩን ይነጫል።

«አልታመመም!» አልኩት። «እየው፣ እየበላ እኮ ነው!»

«ኤዬ» አለኝ አባቴ። «አንዳንድ ቀን ይበላል።»